ሰባት ዓመት ከስምንት ወር የዘገየው ሰርቨር

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

ዛሬ የሞቱ ኮምፒውተሮች ተረከብኩ። ያስረከቡኝ የላብ ቴክኒሺያኑ ጋሽ ሀብተሥላሴ ናቸው። እርጥበት ያሳበጠውን የስቶር በር በትከሻቸው ገፍተው ከፈቱና «ምረጪ ልጄ፤ ሁሉም ሬሳ ነው» አሉኝ። ከአንዱ ሚሞሪ፣ ከሌላው ፓወር ሰፕላይ፣ ከሦስተኛው ዲስክ ነቅዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንዱን አስነሳሁት። ስክሪኑ ሲበራ ጋሽ ሀብተሥላሴ አጨበጨቡ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩ ሰው አሁንም ኮምፒውተር ሲበራ ያጨበጭባሉ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሌጃችን ዳይሬክተሪ የሚባል ሶፍትዌር አለው። የአራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ስም፣ ፓስወርድ፣ ማን የቱን ፋይል መክፈት እንደሚችል ሁሉ እዚያ ነው። አንድ ሰርቨር ላይ የተቀመጠ መዝገብ ቤት በሉት። አርጅቷልና ወደ አዲስ መቀየር አለበት። ግን ሰው እየሠራበት ያለን መዝገብ ቀጥታ አይነኩትም። ቅጂውን ከኔትወርኩ በተነጠለ ክፍል ተክሎ እዚያ እንደ ልብ ማበላሸት፣ መስበር፣ መጠገን ነው። ይህን የሙከራ ላብ እናቋቁም ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ቡድን መሪያችን አቶ እስክንድር ከስልኩ ቀና ሳይል «ሞክሪ እስቲ» አለኝ።

እሞክራለሁ። የስድስት ወር የሙከራ ቅጥሬ መስከረም ላይ ያልቃል። ከዚያ ወይ ቋሚ፣ ወይ ዋጫ ተመልሼ አባቴ ቤት መቀመጥ። የግምገማ ቅጹን የሚሞላው እስክንድር ነው።

ሰኔ 25፣ ረቡዕ

ሦስት ቀን ሙሉ እምቢ አለኝ። ከዋናው ሰርቨር ባክአፕ ቀድቼ ላቤ ላይ ተከልኩት፤ ተነሣ። ከተማሪዎች ላብ ሁለት ኮምፒውተር አምጥቼ ላገናኛቸው ስል «ሰዓታችሁ አይገጥምም» ብሎ ይመልሳቸዋል። አምስት ደቂቃ ልዩነት ካለ አያስገባም፤ ሕጉ ነው። የግድግዳውን ሰዓት አየሁ፣ የስልኬን አየሁ፣ ደቂቃው ልክ ነው። መብራት ሁለቴ ሄደ። ጸጉሬን ልነጭ ምንም አልቀረኝ።

በኋላ ነው ዓመቱን ያየሁት። የኔ ማሽን 2025 ይላል። የነሱ 2017።

ጋሽ ሀብተሥላሴን ጠየቅኳቸው። ሳቁ።

«በኛ ነዋ የሚሄደው! መዝገብ ቤት ደብዳቤ ሲያትሙ ቀኑ በፈረንጅ እየወጣ አስቸገራቸው። የዛሬ አራት ዓመት እስክንድር ‹ጋሽዬ፣ ዋናውን ሰርቨር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያድርጉት፣ ሁሉም ከሱ ይቀዳል› አለኝ። አደረግኩ።»

«ወሮቹስ? የፈረንጅ ወር ሠላሳ አንድ አለው፣ ሃያ ስምንት አለው።»

«እሱማ መከራዬ ነው። ጥቅምትን ሁለተኛ ወር ስለሆነ እንደ ፌብሩዋሪ ይቆጥረዋል፤ ሃያ ዘጠኝን አያውቅም፣ ዘሎ ኅዳር ይገባል። መስከረምን ሠላሳ አንድ ያደርጋል። በየወሩ መጨረሻ መጥቼ በእጄ አስተካክለዋለሁ። ጳጉሜንንማ ጭራሽ ሰምቷት አያውቅም። አምስቱንም ቀን በየጠዋቱ ነሐሴ ሠላሳ ላይ ገትሬ አቆመዋለሁ።»

ሰርቨሩን እንደ ከብት ጠብቀው ነው ያኖሩት። ሳቄ አላቆም አለኝ። የኔንም ማሽን ወደ 2017 መለስኩት፤ ወዲያው ተገናኙ።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ጨረስኩ! ሃያ ሁለት ገጽ። ላቡ እንዴት እንደተተከለ፣ ቅጂው እንዴት እንደሚነሣ፣ ወደ አዲሱ እንዴት እንደምንሻገር፣ ሥዕል ጭምር። ሽፋኑ ላይ «አዘጋጅ፦ ሩሀማ ከፈለኝ» አልኩበት። መጨረሻው ላይ ያልተፈተሸ አንድ ነገር መዘገብኩ፦ ዋናው ሰርቨር ወደ ትክክለኛው ዘመን ሲመለስ ምን እንደሚሆን። አዲሱ ከክልል ጋር የሚያገናኘን መስመር ትክክለኛ ሰዓት ይፈልጋልና መመለሱ አይቀርም።

ለእስክንድር ሰጠሁት። «ዋው» አለ። ዋው ነው ያለው። አብራኝ ለምትኖረው ሰብሌ ሦስት ጊዜ ነገርኳት።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ስላይድ ቀየርኩለት።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። አሁን ልጻፈው።

የማኔጅመንት ስብሰባ ነበር። ዲኑ ዶክተር ቢሻው፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ሁሉ። እስክንድር «ነይ፣ ስላይድ ትቀይሪልኛለሽ» ብሎ ጠራኝ፤ እያቀረበ ሊያስተዋውቀኝ መስሎኝ ነጭ ሸሚዜን ለብሼ ሄድኩ። የመጀመሪያው ስላይድ ሲበራ የኔ ሥዕል፣ የኔ ቀለም፣ የኔ ርዕስ ነው። ከሥሩ «አዘጋጅ፦ እስክንድር» እና የአባቱ ስም። ገጹ እንኳ ሃያ ሁለት ነው።

«እኔ ባቋቋምኩት የሙከራ ላብ» አለ። ስድስት ጊዜ አለ፤ ቆጥሬያለሁ። እኔ ደግሞ «ቀጥይ» ባለኝ ቁጥር ቁልፉን ተጫንኩ። ለምን ተጫንኩ? ለምን አልተነሣሁም? አንድ ጊዜ እንኳ ዘግይቼ ብጫን ምን ነበረበት።

ዶክተር ቢሻው ጨበጡት። ለሦስት ወር ስልጠና እሱን እንልካለን አሉ።

ይኸ ሁሉ አልበቃ ብሎ ዛሬ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ አንዱ ኃላፊ «ያቺ አዲሷ ልጅ እንዴት ናት?» ሲለው ሰማሁ። እኔ በሩ ጀርባ ሶኬት እፈታለሁ።

«ጎበዝ ናት» አለ። «ኬብል ትጎትታለች።»

ሐምሌ 10

ኬብል ትጎትታለች።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

ለሰብሌ ነገርኳት። እሷ ሬጅስትራር ነው የምትሠራው፣ የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፤ ነገር አታለሳልስም።

«ሄደሽ ለዲኑ ንገሪያ!»

«ማን ያምነኛል? ማስረጃዬ ምንድነው?»

«ታዲያ ፊት ለፊት ንገሪው።»

«ግምገማዬን የሚሞላው እሱ ነው።»

«እንግዲያው ተዪው።»

አልተወውም። አልተውህም፣ ሰማህ? ይኸን ደብተር አታነበውም፣ ግን ሰማህ።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ጌታ ሆይ፣ ይቅር በለኝ፤ ዛሬ እንደ ዛሬ ተደስቼ አላውቅም።

በምሳ ሰዓት ብቻዬን ላቡ ውስጥ ነበርኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ያልፈተሽኩትን ነገር ልፈትሽ ብዬ የሙከራውን ሰርቨር ከ2017 ወደ 2025 አመጣሁት። መጀመሪያ ምንም አላለም። ከዚያ በራሴ ስም ልገባ ስል እምቢ። ለሙከራ ፓስወርድ በሰጠሁት በእስክንድር ስም፣ እምቢ። በዲኑ፣ እምቢ። ዲስኩን ነቅዬ በሌላ ማሽን ዝርዝሩን ሳይ አራት መቶ አሥራ ሁለቱም ተቆልፈዋል።

ለካ ፓስወርድ በዘጠና ቀን ያረጃል የሚል ሕግ አለ። ለሰርቨሩ አሁን ባንድ ቅጽበት ሰባት ዓመት ከስምንት ወር አለፈበት። የሁሉም ፓስወርድ አረጀ፤ የአስተዳዳሪውም ጭምር። ሰዓቱን ልመልሰው እንዳትል፣ ለመመለስ መግባት አለብህ፤ ለመግባት ደግሞ ሰዓቱ መመለስ አለበት።

መድኃኒቱ ደግሞ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ሰዓቱን ከመንካት በፊት ያንን የዘጠና ቀን ሕግ ማጥፋት፣ ሰዓቱን ማስተካከል፣ ሕጉን መልሶ ማብራት። ቅጂውን እንደ አዲስ እየተከልኩ ሁለት ጊዜ ሞከርኩት፤ ይሠራል። የተስተካከለውንም ቅጂ ለብቻው አስቀመጥኩ።

በሙከራ መዝገቤ ላይ ሁሉንም ከነቀኑ ጻፍኩ። ስጽፍ «ለእስክንድር ልንገረው» የሚል ሐሳብ በእውነት አልመጣብኝም። የመጣው ሌላ ነው፦ የዋናውን ሰርቨር ሰዓት በገዛ እጁ፣ በሰው ፊት፣ በትልቅ ቀን ሲቀይረው።

ሐምሌ 18፣ ዓርብ

ጠየቀኝ! ራሱ ጠየቀኝ።

«ሩሂ፣ ያ መጨረሻ ላይ የጻፍሽው የሰዓት ነገር፣ ችግር ያመጣል እንዴ?»

ሩሂ። በሕይወቱ ሩሂ ብሎኝ አያውቅም።

«ፈትሼዋለሁ» አልኩት። «ችግር የለም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ አቶ እስክንድር።»

«እግዜር ይስጥሽ» ብሎ ያንን ገጽ ከሰነዱ አወጣው። ገጹ አሁን ሃያ አንድ ነው።

ጣቴን ይበርደኝ ነበር። ከዝናቡ ነው።

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ

ፍልሰታ ገባ። ሰብሌ ትጾማለች፤ ቤታችን ሽሮ በሽሮ ሆኗል። ቀኑ ተቆርጧል፦ ነሐሴ ሃያ አንድ። ከክልል እንግዶች ይመጣሉ፤ እስክንድር እነሱ ፊት መስመሩን ያገናኛል። ለበዓል እንደሚጠብቅ ሕፃን ቀን እቆጥራለሁ።

«ምን ሆነሽ ነው ብቻሽን የምትስቂው?» አለችኝ ሰብሌ።

ምንም አልኳት። አፍጥጣ አየችኝ። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አለችና ወደ ሽሮዋ ዞረች። ምን አውቃ ነው? ምንም አታውቅም።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

አባዬ ደወለ። «ቋሚ ሆንሽ?» ገና አልኩት። «ያ አለቃሽ ደህና ሰው ነው? ማር ልላክለት እንዴ?» አለ። ለእስክንድር ማር! ከዋጫ ድረስ! ሳቅኩ፣ ሳቄ ግን ወደ ሌላ ነገር ስለዞረ ስልኩን ቶሎ ዘጋሁት።

ጋሽ ሀብተሥላሴ ዛሬ ላቡ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ታኅሣሥ ላይ ጡረታ ይወጣሉ። «ይኸን ሰርቨር ከዚህ በኋላ ማን በየወሩ ያስተካክለዋል ብዬ አስብ ነበር። አሁን አዲሱ መስመር ራሱ ያስተካክለዋል አሉ» አሉኝ። ሸክም እንዳወረደ ሰው ተነፈሱ። ልነግራቸው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን እሳቸው ካወቁ ለሱ ይነግሩታል።

ነሐሴ 16፣ ዓርብ

ዛሬ አንድ ነገር ተጨመረ። እንግዶቹ ሲሠራ እንዲያዩት ተብሎ የክረምት ተማሪዎች የመጨረሻ ፈተና በዚያው ቀን በኮምፒውተር ሊሆን ነው። ስልሳ አራት መምህራን፤ ከዋጫ፣ ከሺሺንዳ፣ ከየገጠሩ ትምህርት ቤት ለክረምት የመጡ። በዚያው ፓስወርድ ነው የሚገቡት።

ይኸ እቅዴ ውስጥ አልነበረም።

አምስት ቀን አለኝ። ሦስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ግን አሁን ብናገር «አመሰግናለሁ ሩሂ» ብሎ ያስተካክለውና እንግዶቹ ፊት «እኔ ባቋቋምኩት» ይላል። ፈተና እኮ ቢራዘም ይራዘማል። ሰው አይሞትም። አይሞትም አይደል?

ነሐሴ 18፣ እሑድ

ቸርች አልሄድኩም።

ነሐሴ 21፣ ረቡዕ

ሆነ።

እንደተመኘሁት ሆነ። በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ አንድም ነገር እንዳላስቀር።

ሦስት ሰዓት ላይ እንግዶቹ ላብ ገቡ። መምህራኑ ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል፤ ከጫማቸው ጭቃ ይንጠባጠባል። እስክንድር ክራባት አስሯል። አጭር ንግግር አደረገ፣ ቁልፉን ተጫነ፣ መስመሩ ተገናኘ፣ የሰርቨሩ ሰዓት ወደ 2025 ዘለለ። ተጨበጨበለት። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ ከኋላ ወንበር አንዱ «የኔ አልገባም» አለ። ቀጥሎ ሌላው። ከዚያ ሁሉም ባንድ አፍ።

እስክንድር በራሱ ስም ሞከረ። በአስተዳዳሪው ሞከረ። አንገቱ ቀላ። ከእንግዶቹ አንዱ «ምንድነው ችግሩ?» ሲለው «የመብራት ነው» አለ። አምፖሉ አናቱ ላይ ቦግ ብሎ እየበራ!

እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምጠብቀው። ዞሮ «ሩሀማ፣ ይኸን የምታውቂው አንቺ ነሽ» እንዲል። ይኸን ቢል፣ በሕያው እግዚአብሔር እምላለሁ፣ ያን ጊዜውኑ እሠራው ነበር።

ዞረ። አየኝ። «ሩሀማ» አለ፤ «ኬብሉን እዪ እስቲ።»

ጠረጴዛ ሥር ገባሁ። ኬብሉ ምንም አልሆነም። እዚያው ተቀመጥኩ። የስልሳ አራት ሰው እግር ይታየኛል። አንድ ትልቅ መምህር ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው ስማቸውን ቀስ አድርገው፣ ፊደል በፊደል፣ ለኮምፒውተሩ ሲነግሩት ሰማሁ። የጆሮ ችግር ያለበት ተማሪ ፊት እንደቆሙ ነው። አጠገባቸው ያለችው ሴት «ጋሼ፣ አይሰማም እኮ» አለቻቸው። «ስሜን አላወቀኝም» አሉ። «ከሺሺንዳ በአራት ሰዓት መንገድ መጥቼ ስሜን አላወቀኝም።»

ከጠረጴዛው ሥር ብዙ ቆየሁ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም።

አምስት ሰዓት ላይ እንግዶቹ ሄዱ። ስድስት ሰዓት ላይ ፈተናው ተሰረዘ፤ እስከሚቀጥለው ክረምት የሚል ወሬ አለ። መምህራኑ መንገዱ ሳይቆረጥ እንድረስ ብለው መናኸሪያ ወረዱ። ስምንት ሰዓት ላይ ዶክተር ቢሻው መጥተው «ይኸን የሚያስተካክል ሰው የለም?» ብለው ሲጮሁ «እኔ» አልኩ። ያስቀመጥኩትን ቅጂ አምጥቼ ተከልኩ። ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀብኝ። ሁሉም ተከፈተ።

ላቡ ግን ባዶ ነበር።

ነሐሴ 22፣ ሐሙስ

ዶክተር ቢሻው በቢሮ ሰው ሁሉ ፊት «ይቺ ልጅ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር» አሉ። እስክንድር ወዲያው ቀጠል አድርጎ «እኔ ነኝ ያሰለጠንኳት» አለ።

ሙልጭልጭ ያለ ሰው ነው። ምኑን ትይዘዋለህ?

ነሐሴ 23፣ ዓርብ

የመዝገብ ቤቷ እትዬ አልጋነሽ በመስኮታቸው ጠቅሰው ጠሩኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሀብተሥላሴን ከሰሷቸው እኮ» አሉኝ።

«ማንን?»

«የሰርቨሩን ሰዓት ያለ ፈቃድ ነክተው ሥርዓቱን አበላሹ ተብለዋል። ዲሲፕሊን ኮሚቴ ቀርበዋል። እስክንድር ነው የጻፈው። ይኸው ደብዳቤው በእጄ አልፎ ሄደ።»

«እሱ ራሱ አይደል ያዘዛቸው!»

«በቃል ነዋ። ወረቀት የታለ?» አሉ። እትዬ አልጋነሽ በሕይወታቸው ከወረቀት ሌላ አያምኑም። «እሳቸው ደግሞ ሲጠየቁ ‹አዎ፣ በየወሩ የምነካው እኔ ነኝ› ብለው ፈረሙ። እንዲህ ያለ ጅል ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም።

ነሐሴ 26፣ ሰኞ

ሰዓቱን ያዘዘው እሱ። ደብዳቤውን የጻፈው እሱ። ውሸታሙ እሱ። እኔ ምን አደረግኩ? እኔ ዝም ነው ያልኩት። ዝም ማለት ምን ወንጀል አለው?

«ችግር የለም» ብለሻል ሩሀማ። ዝም አላልሽም።

ነሐሴ 28፣ ረቡዕ

ጋሽ ሀብተሥላሴ ቤት ሄድኩ። ባለቤታቸው ቆጮ አቀረቡልኝ። ጋሽ ሀብተሥላሴ ስለ ክሱ አንድ ቃል አላነሡም፤ እኔን አጽናኑኝ እንጂ! «የዚያን ቀን ጠረጴዛ ሥር ስትለፊ አየሁሽ። አትዘኚ፣ አንቺ የቻልሽውን አድርገሻል» አሉኝ። ቆጮውን በወጥ በገዛ እጃቸው አጎረሱኝ።

በሩ ላይ ሲሸኙኝ «እኔን የገረመኝ» አሉ፣ «ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ ስሜ መጀመሪያ የተጻፈበት ደብዳቤ የክስ መሆኑ ነው።» ሳቁ። ከዚያ በካፍኛ ለራሳቸው የሆነ ነገር አጉተመተሙ። ሰምቻቸዋለሁ፤ እዚህ አልጽፈውም።

ነሐሴ 30፣ ዓርብ

ሰርቨሩ አሁን ራሱ ትክክለኛውን ያውቃል። ጳጉሜንን የሚያቆምለት ሰው አያስፈልገውም።

የሙከራ መዝገቤን አውጥቼ አየሁት። ሐምሌ 14 የሚለው ገጽ ሁሉንም ይናገራል፦ ጥፋቱ ከሰዓቱ መነካት ሳይሆን ከዘጠና ቀኑ ሕግ እንደሆነ፣ ጋሽ ሀብተሥላሴ ቢነኩትም ባይነኩትም መድኃኒቱ ሦስት ደቂቃ እንደነበር። እሳቸውን ነፃ የሚያወጣ ወረቀት በዓለም ላይ ይኸ ብቻ ነው። ቀኑ ግን አለበት። ነሐሴ 21 ከመድረሱ ከአንድ ወር በፊት አውቄ እንደነበር የሚናገርም ይኸው ወረቀት ነው።

ቀኑን ልፋቀው? ብዬ አሰብኩ። ላጲስ አነሣሁ። በእስክሪብቶ ነው የጻፍኩት። ይኸንንም መጻፍ አለብኝ፤ ላጲስ አንሥቻለሁ።

ጳጉሜን 2፣ እሑድ

ለሰብሌ ሁሉንም ነገርኳት። ከመጀመሪያው። ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። «ከዚያ ሁሉ መምህር የስድስቱን የፈተና ምዝገባ ቅጽ የሞላሁት እኔ ነበርኩ» አለች።

ቢያስወጡኝ ለአባዬ ምን እላለሁ።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ዲሲፕሊን ኮሚቴው ተሰብስቧል፤ አምስት ሰው ጠረጴዛውን ከቧል። ዶክተር ቢሻው መሐል፤ እስክንድር እንደ ባለሙያ ምስክር በቀኝ፤ ጋሽ ሀብተሥላሴ ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በበሩ በኩል። ቃለ ጉባኤ የሚይዙት እትዬ አልጋነሽ ናቸው። እኔ አልተጠራሁም። አንኳኩቼ ገባሁ።

መዝገቡን አስቀመጥኩ። ገጹን ከፈትኩ። አስረዳሁ። ዶክተር ቢሻው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ሐምሌ አሥራ አራት ነው የሚለው።»

«አዎ።»

«ያኔ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር። አቶ እስክንድር ሲጠይቁኝ ችግር የለም ብያቸዋለሁ።»

«ለምን?»

ብዙ ነገር ተዘጋጅቼ ነበር። ልምድ ማነስ፣ መርሳት፣ ፍርሃት። ጋሽ ሀብተሥላሴ ቀና ብለው ሲያዩኝ ሁሉም ጠፋብኝ።

«እንዲዋረዱ ፈልጌ ነው» አልኩ።

እትዬ አልጋነሽ እስክሪብቶአቸውን አነሡ። «እንደዚሁ ልጻፈው?»

«እንደዚሁ ይጻፉት።»

እስክንድር ከወንበሩ ብድግ አለ። እንዲህ ደስ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም። «ይመዝገብልኝ!» አለ። «ላቡን ያቋቋመችው እሷ ናት። ቅጂውን የተከለችው እሷ፣ የሞከረችው እሷ፣ ሰነዱንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የጻፈችው እሷ ራሷ ሩሀማ ከፈለኝ ናት። እኔ በዚያ ሥራ ውስጥ እጄ የለበትም!»

«አንድም ቦታ?» አልኩት።

«አንድም ቦታ!»

የእትዬ አልጋነሽ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ሲሞነጫጭር ይሰማል። ዶክተር ቢሻው መነጽራቸውን አወለቁ።

«አቶ እስክንድር» አሉ፣ «እንግዲያው ሐምሌ ስምንት ያቀረብክልን የማንን ነው?»

ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። ለሁለት ወር የተመኘሁት ፊት ይኸው ነበር፣ ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ። አየሁት። እንደጠበቅኩት ልጻፍ ብዬ ነበር፤ ግን ያን ጊዜ የማየው የጋሽ ሀብተሥላሴን እጅ ነበር። ኮፍያቸውን አንሥተው አደረጉ፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ ወጡ።

ኮሪደሩ ላይ ደረስኩባቸው። «ጋሼ» አልኩ።

«ለሱ ባትነግሪው ይገባኛል» አሉ፤ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «እኔ ግን ሁልጊዜ አጠገብሽ ነበርኩ።»

መስከረም 5፣ ሰኞ

ውሳኔው ወጣ። ጋሽ ሀብተሥላሴ ነፃ። የእስክንድር ስልጠና ተሰርዟል፤ ከቡድን መሪነትም ተነሥቷል። እኔ «ለቋሚነት ብቁ አይደለችም»። ለመምህራኑ ፈተናው ጥቅምት ላይ ይሰጣል፤ ሰብሌ ቅጾቹን እንደገና እየሞላች ነው፤ ዛሬ ጠዋት ሳትነግረኝ የኔን ሻንጣ ዚፕ አስጠግናልኝ መጣች።

የዋጫው መኪና ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ከመሄዴ በፊት መዝገብ ቤት ሄድኩ።

«የቃለ ጉባኤው ኮፒ ይሰጠኝ» አልኩ።

እትዬ አልጋነሽ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ኮፒ ለሚመለከተው ብቻ ነው። ስምሽ አለበት?»

«አለበት።»

ጣታቸውን ምራቅ እያስነኩ ገጾቹን አገላበጡ። ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ አነበቡ፦ ያቋቋመችው፣ የተከለችው፣ የሞከረችው፣ የጻፈችው። ከዚያ የኔን ቃል አነበቡ። እዚያ ላይ ሲደርሱ ከንፈራቸው ቆመ።

«ሁሉንም ነው የምትፈልጊው፣ ወይስ ይኸን ገጽ ብቻ?» አሉኝ።

«ሁሉንም» አልኩ።

ማኅተሙን እያንዳንዱ ገጽ ላይ መቱበት።